የሐጂ ምስር

ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ዊተን በሚሄደው አውቶቡስ፣ መብላት ክልክል ነው ከሚለው ማስታወቂያ ሥር ሳንድዊቼን እየበላሁ ነበር። ከፊቴ ሁለት ሴቶች ያወራሉ። ወጣቷ የአካባቢው መስተዳድር፣ ካውንቲው፣ እየከፈላት ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ የወሎ ሽማግሌ ታስታምማለች።

«ሐጂ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ለብቻ መብላት እምቢ አሉ፣ እትዬ።»

«አብረሻቸው ብያ!»

«ክልክል ነው። ክላይንት ቤት ምንም እንዳትቀምሱ ተብለናል።»

«ለምን ሲባል?»

«ተረጂው እንዳይበዘበዝ።»

«በአንድ ጉርሻ?»

«ሕጉ ጉርሻ አያውቅም።»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«ክርስቲያን ስለሆንኩ ሥጋቸውን የተውኩ መስሏቸው፣ ትናንት አልፎ አልፎ የምትጠይቃቸውን ልጃቸውን ምስር አሠርተው ጠበቁኝ።»

«ውይ!»

«የካውንቲው ሕግ ነው አልኳቸው። ‹ሁለት ሰው አብሮ እንዳይበላ የሚከለክል የምን መንግሥት ነው? ተጠይፌዎት ነው በይኝ› አሉ። እጃቸውን እንደታጠቡ ምስሩ ቀዘቀዘ።»

«ከስተዋል?»

«ሱሪያቸው በቀበቶም አልያዝ ብሏል።»

«እንግዲያው ዛሬ ብይ። ማን ይነግርብሻል?»

«ራሳቸው! የካውንቲው ነርስ ልትቆጣጠር ስትመጣ ‹አብራኝ በላች› ብለው በኩራት ነው የሚያወሩት። እኔ ከተባረርኩ ደግሞ የምትተካኝ አማርኛ አትችልም።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው፣ ልጄ?»

«እጄን ታጥቤ ከጎናቸው እቀመጣለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን እንጃ።»

ለብቻዬ ስበላው የነበረውን ሳንድዊች ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።