አይጥ የቀመሰው በቆሎ

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ገበሬና አንዲት ሴት ከኋላዬ ያወራሉ።

«ምን አመመዎት አባቴ?» አለች ሴትዮዋ።

«ትኩሳት። ሐኪሙ አይጥ የሸናበትን በቆሎ በልተው ነው አለኝ።»

«ድመት የለዎትም?»

«ነበረችኝ። አይጧ ያስቀመጥኩላትን መርዝ በላች፣ ድመቷ አይጧን በላች።»

«አይጦቹስ አለቁ?»

«የት ያልቃሉ። ለድመቷ ሐዘን ተቀምጠው ነው መሰል፣ ከጎተራዬ አልወጡም።»

«ታዲያ በቆሎውን አሁንም ይበሉታል?»

«ሐኪም ከልክሎኝ እንዴት ብዬ።»

«ደፉት?»

«እህል ይደፋል እንዴ ልጄ፣ ነውር ነው። ዛሬ ጠዋት ቡሬ ገበያ ሸጥኩት።»

«ደግ አደረጉ። የከተማ ሰው ሆድ ድንጋይ ይፈጫል።»

«እኔም ይህንኑ ብዬ ነው።»

ጠዋት ከቡሬ ገበያ የሸመትኩትን በቆሎ ከእግሬ ሥር ቀስ ብዬ በጫማዬ ገፋ አደረግሁት።