በዳሚያን ስም ሲያንኳኩ

የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ ወ/ሮ ኦፌሊያ ባራጋን
ዕድሜ፦ 61
የጋብቻ ሁኔታ፦ ባሏ የሞተባት
ሥራ፦ ልብስ ሰፊ
አድራሻ፦ ኤል ፓሶ፣ ቴክሳስ፣ ከጦር ካምፑ ምሥራቅ በር ፊት ለፊት ያለው ሰፈር
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ዓርብ ኦክቶበር 18 ቀን 2019
ጉዳዩ፦ የእናትና የልጅ መጥፋት

ከላይ ስሜ የተጠቀሰው እኔ፣ ስለ ወ/ሮ ዩሪዲያ ኦርኔላስና የአራት ዓመት ልጇ ስለሆነችው ኒዲያ መጥፋት የማውቀውን እንዳስረዳ ተጠይቄ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ሲጀመር አልጠፉም። የት እንዳሉ አውቃለሁ። መርማሪው ግን ከመጀመሪያው ተናገሪ ስላለኝ ከመጀመሪያው እናገራለሁ።

ከዩሪዲያ ጋር የምንኖረው በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ስስ ግድግዳ ተለያይተን ነው። ባሏ ሃምሳ አለቃ ዳሚያን ኦርኔላስ የዚህ አገር ዜጋ ነው። እሷ ከሜክሲኮዋ ፓራል ተነሥታ በረሃውን በእግሯ አቋርጣ የገባች፣ የመኖሪያ ወረቀት የሌላት ሴት ናት። ጠበቃ ይዘው ማመልከቻ አስገብተው ነበር። መልሱ ሳይመጣ እሱ በኤፕሪል ወደ ጦር ሜዳ ተላከ። ካምፑ ውስጥ ቤት ይሰጣቸው ነበር፤ ግን በሩ ላይ መታወቂያ ስለሚጠየቅ እሷ እምቢ አለች።

ዳሚያን ከመሄዱ በፊት ሚስቱን እንደ ምልምል ወታደር አሠለጠናት። የኢሚግሬሽን ሰዎች ሌላ ሰው መስለው እያንኳኩ ያስከፍታሉ የሚል ወሬ ሰፈሩን ሞልቶት ነበር። ስለዚህ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የክብር ዩኒፎርሙን ለብሶ ከውጭ ያንኳኳል። ድምፁን አወፍሮ፣ «ወይዘሮ ኦርኔላስ፣ ከባለቤትዎ ጦር ክፍል ነው የመጣነው። ስለ ባለቤትዎ የምንነግርዎት አለ፣ እባክዎ ይክፈቱልን» ይላል። እሷ ቴሌቪዥኑን አጥፍታ፣ ልጇን አቅፋ የገላ መታጠቢያው ገንዳ ውስጥ ትቀመጣለች። ትንፍሽ ካላሉ በቁልፉ ከፍቶ ይገባና ለኒዲያ የማንጎ አይስክሬም ይሰጣታል። እኔ ይህን ሁሉ በግድግዳው በኩል እሰማ ነበር።

አንድ ቀን በአጥሩ በኩል አስቁሜው፣ «አንተ ልጅ፣ በዚህ አትጫወት» አልኩት። የባሌን ሞት የነገሩኝ እንደዚያ የለበሱ ሁለት ሰዎች ናቸው። እሱ ሳቀብኝ። «እትዬ ኦፌሊያ፣ ሊይዟት ቢመጡ በማን ስም ነው የሚመጡት? በኔ ስም ነዋ። ልብሴን ለብሰው ስሜን ቢጠሩ እንኳ እንዳትከፍት ነው» አለኝ። 

ባለፈው ሰኞ ረፋድ ላይ የሰፈሩ ስልክ ሁሉ ዝም አለ። ከባሎቻቸው ጋር የሚጻጻፉት ሴቶች የላኩት መልእክት አልደርስ አላቸው። በሰፈራችን ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ከጦሩ ሰው ሲሞት፣ ለቤተሰቡ በአካል ሳይነገር ወሬው እንዳይወጣ ከጦር ሜዳው የሚያገናኘውን መስመር ይዘጉታል። ቤተሰቡ ሲያውቅ ይከፍቱታል። እንዲህ ያለ ቀን ሴቶቹ ቤት ውስጥ አይቀመጡም፤ ተንኳኩቶባቸው መክፈት አይፈልጉም። ውጭ ወጥተው ያልቆሸሸ መኪና ያጥባሉ፣ ምንም ያልበቀለበት አፈር ላይ ውሃ ያፈሳሉ። እርስ በርስም አይነጋገሩም። ዩሪዲያ ብቻ አልወጣችም፤ እሷ ድሮም አትወጣም።

ከቀትር በኋላ አንዲት ጥቁር መኪና ቀስ እያለች ወደ መንገዳችን ገባች። ያለፈቻቸው ቤቶች ሴቶች አንድ በአንድ ባሉበት ቁጭ አሉ። አንዷን ሳቅ አመለጣት፤ አልፈርድባትም። መኪናዋ እኛ በር ላይ ስትቆም፣ የሚሞትብኝ ሰው እንዳልቀረ እያወቅሁ የምሰፋውን ልብስ ይዤ ወደ ቤቴ ሸሸሁ።

አንድ ሻምበልና አንድ የጦሩ ቄስ ወረዱ። ሻምበሉ የዩሪዲያን በር አንኳኳ። «ወይዘሮ ኦርኔላስ፣ ከባለቤትዎ ጦር ክፍል ነው የመጣነው» አለ። የቀረውንም ቃል በቃል አለው። ዳሚያን ራሱ መጥቶ የሚያሠለጥናት መስሎኝ ፊቱን ለማየት ብቅ አልኩ። ከግድግዳው ማዶ ቴሌቪዥኑ ጠፋ። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ሰው እንደሌለበት ቤት ሆነ።

ሻምበሉ ውስጥ ሰው እንዳለ ሲጠይቀኝ አላውቅም አልኩት። ከእሷ በቀር ለማንም መናገር እንደማይችል ገልጾልኝ ሄዱ። መኪናዋ ስትርቅ ኒዲያ በሹክሹክታ፣ «እማ፣ አባባ ነው እኮ። ለምንድነው የማይገባው?» ስትል ሰማሁ። እናቷም፣ «ዝም በይ፣ ገና ነው» አለቻት። የያዝኩትን ልብስ ጥዬ አለቀስኩ። ሰዎቹ አመሻሹ ላይ መጡ፤ በማግስቱ ጠዋትም መጡ። ሁልጊዜ ያው ማንኳኳት፣ ያው ቃል፣ ያው ዝምታ።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ከመንገዱ ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ማርሴላ መጣችብኝ። ስልኩ አሁንም ዝም እንዳለ ነበር።

«ቁልፍ አለሽ አይደል እትዬ? ክፈቺና ይንገሯት በቃ!»

«ባልሽ ደህና ነው። የቆሙት በሷ በር ነው» አልኳት።

«የሞተው አንድ ብቻ መሆኑን ማን ነገረሽ? እሷ ተደብቃ ሰፈሩን ሁሉ አፍናዋለች። ልጆቼን ሁለት ቀን አባታችሁ ደህና ነው እያልኩ በውሸት ነው ያበላኋቸው» አለችኝና እዚያው ደረጃዬ ላይ ተቀምጣ ተንሰቀሰቀች።

ስለዚህ በጓሮ በር በኩል ሄጄ ዩሪዲያን ጠራኋት። በሩን ሳትከፍት አናገረችኝ። ድምጿ የደስታ ነበር።

«ሄዱ እትዬ? ሰማሽልኝ አይደል? ልክ ዳሚያን እንዳለኝ አደረግሁ። ኒዲያ እንኳ አላሳለችም። ሲደውል የምነግረው ብዛቱ!»

«ክፈቺላቸው የኔ ልጅ። የምትፈሪያቸው ሰዎች አይደሉም» አልኳት።

«ታዲያ ማን ናቸው?»

ይህን እኔ ልናገር አልቻልኩም። ሕጉ አይደለም ያስቆመኝ፤ አፌ እምቢ አለኝ። «ብቻ ክፈቺላቸው» አልኳት። «ዳሚያን የምታምኚው ሰው ክፈቺ ሊልሽ ይችላል ብሎኝ ነበር። አንቺንም ያዙሽ ማለት ነው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አልመለሰችልኝም።

ረቡዕ ጠዋት ሻምበሉ ከፖሊስ ጋር ሲመጣ እኔ ጋ ባለው የቤቷ ቁልፍ ከፈትኩ። ምድጃው ላይ ባቄላ በውሃ ተዘፍዝፎ ነበር። ገንዳው ውስጥ ትራስና ብርድ ልብስ ተነጥፏል። ስልኳን ትታው ሄዳለች። በራሷ እግር ከአገር ከወጣች ለዓመታት እንደማትመለስ ጠበቃው ደጋግሞ ነግሯት ነበር። ይህን እያወቀች በድልድዩ ድንበሩን አልፋ ሜክሲኮ ወዳለችው ሁዋሬዝ ተሻግራለች።

ሐሙስ ጠዋት በአክስቷ ስልክ ደወለችልኝ። «አመለጥን እትዬ። ዳሚያን ከደወለ እዚህ መሆኔን ንገሪልኝ» አለችኝ። ይህ በስልክ የሚነገር ነገር ስላልሆነ ለሻምበሉ አስታወቅሁ። እሱ በዩኒፎርም መሻገር ስለማይችል እዚያ ካለው የአሜሪካ ቆንስላ አንድ ሰው ተመደበ፤ እኔም አብሬው ሄድኩ።

በዚያ ማዶ የአክስቷ ቤት በር ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ መጋረጃው ተገልጦ፣ ሙዚቃው እስከ መንገድ ይሰማ ነበር። ዩሪዲያ ስታየኝ እየሳቀች መጣች። «ምነው፣ አንቺም ፈርተሽ ተሻገርሽ?» አለችኝ። ከዚያ አብሮኝ ያለውን ሰው አየችው። ባርኔጣውን አውልቆ ይዞት ነበር።

«እነዚያ ሲያንኳኩ የነበሩት እውነተኞች ነበሩ?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

ሰውየው የተላከበትን ሁሉ ነገራት። እሷ እስከ መጨረሻው ቆማ ሰማችው። ሰውየው ወደ ውጭ ወጥቶ እንደተነገራት ለሻምበሉ ደወለ። እሱ ተመልሶ ሳይቀመጥ የኔ ስልክ ጮኸ፤ ማርሴላ ናት፤ ባሏ እንደጻፈላት የላከችው መልእክት ነበር። ዩሪዲያ ስልኩን አየችው፤ እኔንም አየችኝ። ምን ላድርገው? አጥፍቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ባል የት እንደሚቀበር የምትወስነው ሚስት ናት። ሰውየው በትሕትና ጠየቃት። በካምፑ አጠገብ የወታደሮች መቃብር እንዳለ፣ በክብር ተኩስ እንደሚሸኝ፣ ባንዲራውም ለእሷ እንደሚሰጥ አስረዳት። ተሻግራ መገኘት ትችል እንደሆነ ስትጠይቀው ያን የሚወስነው እሱ እንዳልሆነ ነገራት።

«እኔ ወደሱ መሻገር አልችልም» አለች። «እሱ ግን ወረቀት አለው። እሱ ይምጣ።»

የሰጠሁት ቃል በምናገረው ቋንቋ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ ያየሁትንና የሰማሁትን እንጂ የጨመርኩት የለም። ሰው ጠፋ ተብሎ የተከፈተውን መዝገብ መዝጋት የመርማሪው ፈንታ ነው። እኔ የምጠይቀው፣ አስከሬኑ በየትኛው ድልድይ እንደሚሻገር የሚነግረኝ ሰው ማን እንደሆነ ነው።

የምስክሯ ፊርማ፦ ኦፌሊያ ባራጋን
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ኤ. ቴጄዳ