የማላውቀውን እንዴት ልፈርም?

ከአዋሽ ወደ ሰመራ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ አንዲት ወጣትና አንድ ሸምገል ያሉ ወሎዬ ነጋዴ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አዳይቱን እንዳለፍን ልጅቷ ስልኳን ዘግታ እንባዋን ጠረገች።

«ምነው ልጄ፣ ምን አገኘሽ?»

«የከባድ መኪና ሾፌሮችን ከጭነት ጋር የሚያገናኝ ድረ ገጽ ሠርቼ ነበር፤ አንድ የውጭ ድርጅት ሊገዛው ነበር። አሁን እምቢ አልኳቸው።»

«ለምን?»

«የማንም ፓተንት እንደሌለበት ፈርሚ አሉኝ።»

«ፓተንት ደግሞ ምንድን ነው?»

«የፈጠራ መብት ነው፣ አባባ። እኔ የሠራሁት ሰዎች ጽፈው በነጻ በለቀቁት ኮድ ላይ ነው። ኮዱን መጠቀም ተፈቅዶልኛል። ግን ውስጡ ያለውን አሠራር ሌላ ሰው በስሙ አስመዝግቦት ቢሆንስ? ገዢዎቹ በዚያ ቢከሰሱ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ።»

«ዝም ብለሽ አትፈርሚም ነበር?»

«የማላውቀውን እንዴት አውቃለሁ ልበል?»

«ወላሂ፣ እውነትሽን ነው። ታዲያ ድረ ገጹ ሊዘጋ ነው?»

«አይዘጋም፤ ሾፌሮቹ ለምደውታል። ግን ለእናቴ ቤት እሠራልሻለሁ ብያት ነበር። አሁን ሰመራ መናኸሪያ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው።»

«አይዞሽ፣ እኔም እዚያው ነው የምወርደው። አብረን እንነግራታለን።»

የእኔ መውረጃ ከሰመራ በፊት ያለችው ሎግያ ነበር፤ ረዳቱ «ሎግያ ወራጅ አለ?» ሲል ግን እኔም ሰመራ ድረስ አብሬያቸው ልሂድ ብዬ ከወንበሬ አልተነሳሁም።