የዘርፌ ሞተር የተቃጠለ ለት

በእኛ ጊዜ፣ ሩቅ እንዳይመስላችሁ ልጆች፣ እዚሁ አስራ ስምንት ማዞሪያ ነው፣ ባሌ የት እንዳለ የሚነግረኝ አምፖሌ ነበር። አትሳቁ። ባሌ ተካ ሞተር ጠጋኝ ነው፣ የተቃጠለውን ፈትቶ ሽቦውን እንደ አዲስ የሚጠቀልል፤ ታዲያ ከእኛ በታች ወፍጮ ቤት ያላት ዘርፌ የምትባል ሴት ነበረች፣ ባሏ የሞተባት፣ ቁመናዋ ደግሞ ምን ልበላችሁ፣ እንኳን ወንዱ እኔም ዞር ብዬ አያታለሁ። እና የእሷ ወፍጮና የእኛ ቤት መብራት የሚመጣው ከአንድ ትራንስፎርመር ነው። ሞተሯ ሲነሳ መጀመሪያ ላይ ብዙ ኃይል ይስባል፣ ያኔ የእኔ አምፖል ደብዘዝ ይልና ይመለሳል። ተካ ደግሞ ጠግኖ ሲጨርስ ሦስት ጊዜ እያስነሳ ይሞክራል። ታዲያ አምፖሌ ሦስት ጊዜ ደብዘዝ ካለ ባሌ እዚያ ነው፣ እኔ እቤቴ እርር ድብን።

እዚያ ምን አለ ስለው፣ ሞተር አለ ይለኛል። ሌላ ቃል የለውም። እዚያ ግን ሲስቅ እስከ መንገድ ይሰማል፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ እኔ ቤት እንደዚያ ስቆ አያውቅም።

ታዲያ የፋሲካ ዋዜማ ሆነ። ተካ አስኮ ለሥራ ሊሄድ ጫማውን እያሰረ፣ "ስሚ፣ ዛሬ ሰው ሁሉ ምድጃ ይሰካል፣ መስመሩ ይደክማል" አለኝ። "ለዘርፌ ንገሪያት፣ ከአስር ሰዓት በኋላ ሞተሯን እንዳታስነሳ። ኃይል ሲወርድ ሞተር መዞር ያቅተዋል፣ ቆሞ ያጉረመርማል፣ እንደዚያ ከቆየ ይቃጠላል።" ልብ በሉ፣ ለእኔ በቀን አስር ቃል የማይናገር ሰው ለእሷ ሞተር ይህን ሁሉ! እሺ አልኩት። እና አልነገርኳትም።

አስራ አንድ ሰዓት ገደማ ጎረቤቱ ሁሉ ዶሮውን ጥዷል፣ አምፖሌ ቀይ ሆኗል። ድንገት ጭራሽ ሊጠፋ ደረሰ። አሁን ይመለሳል ብል አልተመለሰም። አወቅሁ። ሞተሯ መዞር አቅቶት ቆሞ እያጉረመረመ ነው። ብሮጥ እደርስ ነበር፣ ሃምሳ እርምጃ ናት። ልጆቼ፣ አልተነሳሁም። ሽንኩርቴን እየላጥኩ ይቃጠል አልኩ። ትንሽ ቆይቶ አምፖሉ ቦግ አለ፣ የተቃጠለው ሽቦ ሽታም እስከ ደጄ መጣ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ግን ቅናት ያሳውራል እኮ። የተቃጠለውን ሞተር ማን ይጠቀልለዋል? የእኔው ባል! በዓሉ እንዳለፈ ስንት ቀን ሙሉ እዚያ ዋለ። እና እኔ ምሳ እየቋጠርኩ በየቀኑ ሄድኩ፣ ለምግቡ እንዳይመስላችሁ፣ ልጠብቀው ነው። ዘርፌ ሥራ ፈታ ተቀምጣለች፣ ደንበኞቿ እህላቸውን ይዘው ወደ ሌላ ወፍጮ ይሄዳሉ። አንድ ቀን ተካ ሽቦውን እየጠቀለለ፣

"ዘርፌ፣ እሷ ነግራሽ አልነበረም እንዴ?" አላት።

አሁን ውሸቴ ሊወጣ ነው፣ የሰው እንጀራ ያቃጠለች ምቀኛ ተብዬ ትዳሬ ሊፈርስ ነው። ዘርፌ ቀና ብላ አየችኝ። አየችኝ፣ አየችኝ፣ ሁሉም ነገር ገባት።

"ነግራኛለች" አለች። "የሰው እህል ልጨርስ ብዬ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።"

እና ተካ ተቆጣት። ለእኔ የሚገባውን ቁጣ አንገቷን ደፍታ ተቀበለችልኝ። ከዚያ ወዲህ ቅናቱ ለቀቀሽ ትሉኝ ይሆናል። የት! ባሰብኝ። በመልክ በለጠችኝ፣ እሺ፣ የእግዜር ሥራ ነው። በደግነትም ትብለጠኝ?

"እማማ፣ ታዲያ ይቅርታ አልጠየቋትም?" አለች ከአድማጮቹ አንዷ።

ጠየቅኋት እንጂ። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "ረስቼዋለሁ" አለችኝ። እስቲ አሁን ይህችን ሴት ማን ይችላታል? (ሳቅ)