ጀርባዋን ያልሰጠች

እንኳን ደህና መጡ እትዬ! ይግቡ፣ ይግቡ። ጫማዎን አያውልቁ፤ ወለሉ ስፒል በስፒል ነው፣ እግርዎን ይወጋዎታል። እዚህ መስታወቱ ፊት ይቁሙልኝ። መጋረጃውን ልሳበው፤ ምራትዎ እዚያ ማዶ ወንበሩ ላይ አረፍ ትበል፣ ስልኳም አለላት።

ሙዚቃውን ልቀንስልዎ? ራፕ ነው። ይስቃሉ አይደል? ምን ላድርግ፣ ማሽኑ ሲሮጥ እኩል የሚሮጥለት ዘፈን ሌላ አላገኘሁም። ደግሞ እንደ ራፕ ዘፋኝ ጨዋ ሰው የለም። እውነቴን እኮ ነው! የተቀየመውን ሰው ስሙን ጠርቶ፣ ቤት እያስመታ፣ ፊት ለፊት ይዘልፈዋል። ተሰዳቢውም በሌላ ዘፈን መልሱን ይሰጣል፤ አለቀ ደቀቀ። እኛ የጨዋ ልጆች ግን ምን ተባልን? «ዋጥ አድርጊው» ተባልን። ይኸው ስንውጥ… ስፒል በአፌ ይዤ ማውራት የለመድኩት ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

ጨርቁን ትከሻዎ ላይ ልጣለው። እንዴት ያለ ጨርቅ ነው ያመጡት! ለልጅ ሠርግ እንዲህ ነው እንጂ።

ልጅዎስ ደህና ነው? በቴሌቪዥን ሳየው እንዴት ያለ ረጋ ያለ ልጅ ነው ብያለሁ። የፍቅር ውድድር ሲባል ሰዉ ያሾፋል፤ «ካሜራ ፊት ትዳር ይገኛል ወይ?» ይላል። ለምን አይገኝም? ስንቱ በጨለማ አግብቶ የለ? እኔ አንድም ክፍል አምልጦኝ አያውቅም። ሴቶቹን በስም አለመጥራታቸው ደግሞ ደስ ይለኛል፤ ነርሷ፣ አስተማሪዋ፣ ልብስ ሰፊዋ… ስምን ሰው ይዞት ይወለዳል። ሙያ ግን የቀደመ የሚለብሰው ነገር ሆኗል።

ምራትዎ ስለ እኔ ምን አለችዎት? «እኔ ነኝ ያስተማርኳት»? እውነቷን ነው። ብዙ አስተምራኛለች። ሙሽራ የገዛ ልብሷን መስፋት አይሆንላትም ብላ ነው ወደ እኔ ያመጣችዎት፣ አይደል? ልክ ናት። የእሷ እጅ መርፌ ሲይዝ ማየት ማለት… ምን ብዬ ልንገርዎት፣ አይቼ አላውቅም እንደዚያ ያለ።

ክንድዎን ዘርጋ ያድርጉልኝ። እንደሱ።

ውድድር ስንል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የእናንተን ማለቴ አይደለም፣ አፌን ቁርጥ ያድርገው! የሌላ ጣቢያ ነው፣ የቆየ። አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች አሉ። ለውድድሩ ተመዝግባ፣ ተመርጣ፣ መኪና መጥቶ የሚወስዳት ቀን ተቆርጦላት ነበር። የሰው ሠርግ ስትሰፋ ዕድሜዋ ከማሽኑ ኋላ ማለቁ ከንክኗት ነው። ለራሷ አረንጓዴ ቀሚስ ቆረጠች። ታዲያ እትዬ፣ ልብስ ሰፊ የሁሉን ጀርባ ታያለች፣ የራሷን ግን አታይም። ስለዚህ በቁመትም በወገብም የምትመስላትን ጓደኛዋን አስለብሳ ነው አወራረዱን የምታየው። ጓደኛ ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል? አስለበሰቻት። ቀሚሱ ገና ነው፤ ብብትና ጎኑ ለልክ ብቻ በላላ ክር የተያያዘ፣ ጀርባው በስፒል የተያዘ። ዚፕ ቀርቶት፣ እሱን ልትገዛ ልብስ ሰፊዋ ወጣ አለች።

መኪናው ቀድሞ መጥቶ ኖሯል። «ልብስ ሰፊዋ አንቺ ነሽ?» ብለው ጠየቁ። ቀሚሱን የለበሰችው ልጅ ደግሞ ሰው ማሳፈር አትወድም፤ «አዎ» አለች።

ዚፔን ይዤ በሩ ላይ… ዚፗን ይዛ ማለቴ ነው። ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ቤቱ ባዶ ነበር አሉ።

አይነቃነቁብኝ እትዬ፣ ስፒሉ ይወጋዎታል።

በቴሌቪዥን ሲመጣ ታዲያ ያቺን ልጅ ማየት ነበር! ሌሎቹ ይስቃሉ፣ ይጨፍራሉ፣ እጃቸውን ያወራጫሉ። እሷ ክንዷን ከጎኗ አጣብቃ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ትንፋሿን እንኳ ቆጥባ ቆመች። አገር ምድሩ «አቤት እርጋታ! አቤት አስተዳደግ!» አለ። ከላይ የተሰቀለ አበባ አውርዳችሁ ለሚመርጠው ልጅ ስጡት ተባሉ፤ ሁሉም ተንጠራሩ። እሷ «አበባ ከተሰቀለበት አይነካም» ብላ ቀረች። አቅራቢው በመሀረብ ዓይኑን ጠረገ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለሞኝ ነው እትዬ። እሷ ብብቷ በምን እንደተያዘ ታውቃለቻ! ውጡ ሲባሉ ደግሞ ሁሉም ዞረው ሲወጡ እሷ ፊቷን ወደ ልጁ አድርጋ፣ ወደ ኋላዋ እየተራመደች ወጣች። ልጁም ሲመርጣት ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጀርባዋን ያልሰጠችኝ እሷ ብቻ ናት።»

ምነው እትዬ? የእርስዎም ልጅ እንደዚያ ነበር ያለው? አይ መገጣጠም! ቃሉን የሚጽፍላቸው አንድ ሰው ይሆናላ። ቀሚሷም አረንጓዴ ነበር? እንግዲህ አረንጓዴ ማንንም ያሳምራል። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚሉት ውሸት ነው፤ ያደምቃል! እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።

ይቺ? እጄ ላይ ያሰርኳት? ስፒል መሰኪያዬ ናት፣ ከቁራጭ የሠራኋት። አንድ ሳልጨርሰው ከእጄ ከወጣ ሥራ የተረፈች… ኧረ እንዲህ አተኩረው አይዩዋት! አረንጓዴ ጨርቅ በዓለም ላይ ሞልቷል።

ልጅቷን እኮ አልወቅሳትም። ለልብስ ሰፊዋም አላዝንላት፤ ምን ጎደለባት? ማሽኗ አለ፣ ራፗ አለ፣ የሰው ሠርግ አይነጥፍም። አንድ ነገር ብቻ አንጀቷን አሳረራት አሉ። ልጁ «ከሥራሽ ሁሉ የትኛውን ትወጃለሽ?» ብሎ ጠየቀ። እንዴት ያለ ጥያቄ! ማንም ጠይቋት የማያውቅ። ያቺ ፈገግ ብላ ዝም አለች፤ ዝምታ ወርቅ ነው፣ መልሱ ጠፍቷት እኮ አይደለም። ይቺኛዋ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ተቀምጣ «እጅጌ መግጠም!» ብላ ጮኸች አሉ። «እጅጌው ሲገጥም ጨርቁ ሰው ይሆናል!» ማን ይስማት? ቴሌቪዥን እንደሁ ጆሮ የለው።

በቃ፣ ጨረስን። ያምርብዎታል። ዚፑን አስቀድሜ ገዝቻለሁ፤ እኔ ከእንግዲህ ዚፕ ፍለጋ ቤቴን ለሰው ትቼ አልወጣም። የሙሽራዋን ልክ መውሰድም አያስፈልገኝም፤ በቃሌ ነው የማውቀው፣ ከእሷ ጋር አንድ ነን። ስጦታዋንም አዘጋጅቻለሁ። ትንሽ ነገር ናት፤ አንዲት አረንጓዴ ዚፕ፣ ከነወረቀቷ። ከልብ ለተሰጠ ስጦታ መቼም ትልቅ ትንሽ የለውም። ደግሞ ይገባታል።

መጋረጃውን ልክፈተው? ውይ፣ ቆማለች እኮ! ስልኳም ከወንበሩ ሥር ወድቋል። ክንዷን አጣብቃ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ… አቤት አቋቋም! ልክ እንደ ቴሌቪዥኑ! እንዲህ ያለች ምራት በስለትም አትገኝ።

እንግዲህ አሜን ይበሉ እትዬ። ፈጣሪ ከቆመችበት አያነቃንቃት። እጇን የምታነሳበት ችግር አያምጣባት። ልጅዎንም፣ ዕድሜ ልኳን፣ አንድም ቀን ጀርባዋን ሳታሳየው ያኑራት።