የአባቱ ፂም

በጣሊያን ጊዜ ነው። ከኮልፌ ወደ ከተማ በሚሄድ ጋሪ ላይ፣ ትንሽ ልጅ ያቀፈች ወጣት ሴትና አንዲት አሮጊት ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ያወራሉ።

«በጠዋቱ ወዴት ነው ልጄ?»

«ባሌ ዛሬ ይፈታል፣ እማማ።»

«እሰይ! ታዲያ ምን ያስተክዝሻል?»

«የየመን ዓረብ ነው። ሱቁን የዘረፈ ወታደር መትቶ ነው የታሰረው። የተፈረደበት የውጭ ሰው እዚህ አይኖርም፣ በመርከብ ወደ አገሩ ይመለሳል አሉ።»

«አንቺስ? ልጁስ?»

«እሱን ብዬ አመለከትኩ። ቤተሰብ ካለው የመኖሪያ ፈቃድ ይሰጠው ይሆናል አሉኝ። ሹሙ ግን፣ ልጁ አባቱን ሲያውቀው በዓይኔ ልይ አለ።»

«ይወቀዋ!»

«የት አይቶት? ሲታሰር በሆዴ ነበር፤ ጠያቂ ደግሞ አያስገቡም። አባትህ ፂሙ እስከ ደረቱ ነው እያልኩ ነው ያሳደግኩት። ማታ ማታ ‹ፂሙን እይዘዋለሁ› እያለ ነው የሚተኛው።»

አሮጊቷ ወደ ሴትዮዋ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ የእኔንም ልጅ አስረውብኝ ነበር። እዚያ እኮ ፂም ይላጫሉ።»

«ምን?»

«ሁሉንም ነው የሚላጩት።»

ሴትዮዋ ልጁን ጥብቅ አድርጋ አቀፈችው።

«እኔስ ብሆን ያለ ፂም መቼ አየሁት?»

ልጁ ከእቅፏ ሆኖ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

«እማዬ፣ አባዬ ያ ነው?»

ጋቢዬን ሳብ አድርጌ ፂሜን ሸፈንኩ።