ዴንግ የማይነካው የሳህኑ ግማሽ

በእኛ ጊዜ፣ በአብዮቱ ዘመን፣ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት የፖለቲካ ድርጅት ይገባ ነበር። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። ታላቅ ወንድሜ በአንዱ፣ ታናሹ በሌላው፣ እና እኔ መሃል ቁጭ ብዬ ምስር እለቅማለሁ። አንዱ "አንተ የሕዝብ ጠላት" ይላል፣ ሌላው "ጠላትስ አንተ" ይላል። ይሄን ሁሉ ያስተማሯቸው በውይይት ክበብ ነው፣ ዓመት ባልሞላ ጊዜ። ታዲያ እናቴ ምን አደረገች፣ ለሰላሙ ብላ ሳህን ለየችላቸው። አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ፣ ቤቱም ጸጥ አለ። እና ብዙም ሳይቆይ አንዱን ወሰዱት፣ አልተመለሰም፣ አንዱም በሱዳን በኩል ወጥቶ ቀረ። እናቴ እስክትሞት ድረስ "ምነው ሳህኑን ባልለየሁ" እንዳለች ነው። ሳህን ምን ያደርጋል፣ እላት ነበር እኔ።

ይሄን ለምን አመጣችው ትሉ ይሆናል፣ ቆዩ።

አቤልና ሚኪን ታውቋቸዋላችሁ አይደል፣ የውሃ ቦቴ ላይ የሚሠሩትን። አንዱ መሪ ይይዛል፣ አንዱ የውሃውን ጎማ ይጎትታል፣ እንደ እኔው ከአገር ቤት ወጥተው እዚህ ሰው አገር፣ ሎሎጎ የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተው ነው የሚኖሩት። ያን እዚህ ከተማ የተነሳውን የሐምሌ ተኩስ ጊዜ እኔው ምግብ ቤት፣ ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ፣ ከሽንኩርቱ ጆንያ ኋላ ተኝተው ነው ያለፉት። አቤል ሲንቀጠቀጥ ሚኪ "አይዞህ፣ ከሞትንም አብረን ነን" ይለዋል። ያኛው ደግሞ "አንተ ሰውዬ፣ አሁን ሞትን ምን አመጣው" ይለዋል። አንዲት ብስኩት ለሁለት ሲገምሱ በዓይኔ አይቻለሁ።

ታዲያ ጥይት ያልለያቸውን ልጆች ስልክ ለያቸው። ከአገር ቤት ቪዲዮ ይመጣል፣ አንዱ የወገኑን ተናጋሪ ይሰማል፣ ሌላውም የወገኑን። የማን ዘር ናቸው እንዳትሉኝ፣ አልነግራችሁም። ሰውየው ስልኩ ውስጥ ሆኖ "ጠላትህን እወቅ! ንቃ!" እያለ ይጮሃል። የወንድሞቼ ቃል እኮ ነው፣ ስልኩ ብቻ ነው አዲሱ።

እና አንድ ቀን ለምሳ መጡ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው አይተያዩም። ሚኪ "ማዘር፣ ለየብቻ ይሁንልን" አለኝ። አቤልም ቀበል አድርጎ "እኔማ ክፍሉንም ልለቅ ነው" አለ። ልቤ ስንጥቅ አለ። ግን ምን ላድርግ፣ ለሰላሙ ይሻላል ብዬ "ዴንግ፣ ለየብቻ አድርግላቸው" አልኩት።

ዴንግ አስተናጋጄ ነው፣ የዚሁ አገር ልጅ ሆኖ ጋምቤላ የስደተኞች ካምፕ ያደገ፣ አማርኛውማ ከእኔ ይበልጣል። በአንድ ነገር ብቻ ነው የምንጣላው። ሲበላ ሳህኑን ግማሹን ይበላና ግማሹን፣ ልክ በቢላ የተቆረጠ ይመስል፣ ሳይነካ ይተወዋል። "አንተ ልጅ፣ ምግብ ይደፋል? የማትጨርሰውን ለምን ታስሞላለህ?" እለዋለሁ። "ማሌሽ ማዘር" ይለኛል፣ ይቅርታ ማለቱ ነው፣ ነገም ያው ነው።

ታዲያ ያን ቀን ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ሳህን ማፊ።" የለም ማለቱ ነው። ከኋላው ሳህኑ ተቆልሏል።

"ዴንግ፣ ትቀልድብኛለህ?"

"ሳህን የለም፣ ማዘር።"

አንድ ትሪ ጥብስ አምጥቶ መሃላቸው አስቀመጠና እሱም አብሯቸው ቁጭ አለ። አስተናጋጅ ከደንበኛ ጋር! ልቆጣው ስነሳ እሱ ቀስ ብሎ መናገር ጀመረ።

"ካምፕ እያለን ጆን የሚባል ጓደኛ ነበረኝ" አለ። "ብሔሩ ሌላ ነው። ከአንድ ሳህን ነበር የምንበላው፣ እኔ በዚህ በኩል፣ እሱ በዚያ በኩል። በኋላ አንድ ትልቅ ሰው መጣ፣ ማታ ማታ ዘፈን ያስተምረናል። ዘፈኑ ደስ ይላል፣ አሁንም አልጠፋኝም። እና 'ከእነዚያ ጋር አትብሉ፣ ይመርዟችኋል' አለን። በማግስቱ ሳህኔን ይዤ ከጆን ዞር አልኩ። ከዚያ ሰውየው ወደ ውጊያ ወስዶ ጠመንጃ አስያዘኝ። አምልጬ ስመለስ ጆን የለም። ሞተ የሚለኝም፣ አለ የሚለኝም አላገኘሁም። ስለዚህ የሱን በኩል አልነካም። ድንገት ከመጣ ብዬ ነው።"

ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፣ ምን እዋሻችኋለሁ። ለወንድሞቼም፣ ለእናቴም፣ ለዚህም ልጅ አለቀስኩ። ስመለስ ሁለቱ አቀርቅረዋል፣ ጥብሱ ሊቀዘቅዝ ነው። ሚኪ ትሪውን ሳያይ "ብላ እንጂ" አለ። "አንተ ጀምር" አለ አቤል። "አንተ ጀምር አልኩህ።" ሲባባሉ ቆይተው ጀመሩ። አቤል ክፍሉን አልለቀቀም። ታረቁ ብዬ አልቀባባላችሁም፣ ዛሬም በዚያው ነገር ይጨቃጨቃሉ፣ ግን አፋቸው እንደሞላ፣ ከአንድ ትሪ ነው።

እኔ ደግሞ በማግስቱ የዴንግን ምሳ ጠብቄ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩና "ጆን እስኪመጣ ቦታውን ልያዝለት?" አልኩት። ዓይኑ ሞላ። ከዚያ "ማዘር፣ ጆን ሽንኩርት አይወድም፣ እየለቀመ ወደኔ ይገፋልኝ ነበር" አለኝ። እና ይኸው እስከ ዛሬ እየለቀምኩ እገፋለታለሁ።

(ከአድማጮቹ አንዷ) "እርስዎ ሽንኩርት አይወዱም እንዴ?"

አበድሽ ልጄ? ነፍሴ ነው እንጂ። (ሳቅ)